የሚያበሩ ዓይኖች

ጎማው የፈነዳው ኮንሶን አልፈን ወደ ወይጦ ቆላ ቁልቁል ስንወርድ ነበር። ትርፍ ጎማ አለን፤ ክሪክ ግን የለንም። ሾፌሩ «የሚያልፍ መኪና አይጠፋም» እያለ ሲያጽናናን ጀምበር ጠለቀች። እኔ ወደ ጂንካ የምሄደው ስለ ገበያ የሚተርክ አንድ ዘገባ ላዘጋጅ ነበር። በብዕሩ የሚያድር፣ ደመወዝ የሌለው ጸሐፊ የሰጡትን ይጽፋል። ያ ዘገባ ተጽፎ፣ ተከፍሎበት፣ ተረስቷል። ያልተረሳኝ ግን በዚያች ሌሊት፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ግድም የገጠመኝ ነገር ነው።

በግንባር ላይ የምትታሰር ትንሽ ባትሪ ነበረችኝ። እሷን አብርቼ ለጉዳዬ ከመኪናው ራቅ አልኩ። ቀና ስል ከአንድ ግራር ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ዓይኖች ቁልቁል ያዩኛል። ፊት የላቸውም፤ አካል የላቸውም፤ ዓይን ብቻ ናቸው፤ ቀለማቸውም የፍም ነው። ድርግም ብለው ጠፉ። ወዲያው ደግሞ ከቀድሞው ቦታ ወዲያ፣ በሌላ ዛፍ ላይ ቦግ አሉ። በመሃሉ ሲሄዱ አላየሁም፤ ኮሽታም አልሰማሁም። «በስመ አብ!» ብዬ የጮኽኩት ጩኸት ሾፌሩን ከእንቅልፉ አስነሣው።

አብሮን ይጓዝ የነበረ የአካባቢው ተወላጅ ሮጦ መጣና ሽቅብ አይቶ ሳቀ። «አይዞሽ እህቴ፣ ሙጫ ፍለጋ የወጣች ናት» አለኝ።

ባትሪውን ጎን አድርጌ በትዕግሥት ስጠብቅ ዓይኖቹ ቀስ በቀስ አካል አወጡ። በእፍኝ የምትያዝ ግራጫ እንስሳ ናት። ጅራቷ ከሰውነቷ ይረዝማል። ጆሮዎቿ እንደ ሌሊት ወፍ ጆሮ ስስና ሰፊ ናቸው፤ አንዱን ወደ እኔ፣ ሌላውን ወደ ጫካው ታዞራለች። ቅርንጫፉን የጨበጠችበት እጇ ግን ከሁሉ አስደነቀኝ። አምስት ጣት ያለው፣ ጥፍሩ እንደ እኛ ጥፍር ጠፍጣፋ የሆነ፣ የአራስ ልጅን እጅ የሚመስል እጅ ነው። ከግራሩ ግንድ ላይ የፈሰሰውን ሙጫ ላሰች፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያም እንደ ተወነጨፈ ድንጋይ ተስፈንጥራ ጨለማው ውስጥ ገባች።

ሾፌሩ በሳቅ እየፈረሰ «የአዲስ አበባ ልጅ!» አለኝ። እኔ ግን የአዲስ አበባ ልጅ አይደለሁም፤ የጮኽኩትም እንስሳ ስለማላውቅ አልነበረም። በጨለማ የሚያበሩ ዓይኖችን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ወይም ደግሞ አይቻለሁ ብዬ ተናግሬአለሁ። በማየትና በመናገር መካከል ያለው ልዩነት ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። እደርስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ እንስሳዪቱና ስለ ዘመዶቿ ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ስመለስ መጽሐፍ ማገላበጥ ያዝኩ። እንስሳዪቱ ጋላጎ ትባላለች። ድምፅዋ የሕፃን ለቅሶ ስለሚመስል እንግሊዞች «የጫካ ሕፃን» ይሏታል። ወገኗ ከጦጣ፣ ከዝንጀሮና ከእኛ ከሰዎች ጋር ነው፤ ሆኖም መንገዳችን ከተለያየ ከስድሳ ሚሊዮን ዓመታት በላይ ሆኖታል። በዚያኛው መንገድ የሄዱት የቅርብ ዘመዶቿ በእስያ ደኖች ቀስ እያሉ የሚንቀሳቀሱት ሎሪሶችና በማዳጋስካር ደሴት ብቻ የሚገኙት ሌሙሮች ናቸው።

ማዳጋስካር ከሞዛምቢክ ጠረፍ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተቀመጠች፣ ስፋቷ የአገራችንን እኩሌታ የሚያህል ደሴት ናት። ከአፍሪካ ምድር ስትገነጠል ሌሙር የሚባል ፍጥረት ገና አልነበረም። የሌሙሮች ቅድመ አያቶች ኋላ፣ ከሃምሳ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ግድም፣ ጎርፍ ገንድሶ ወደ ባሕር ባወጣው ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ ተንሳፍፈው ሳይሻገሩ እንዳልቀሩ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። እዚያ ጦጣ የለ፣ ዝንጀሮ የለ፤ ቤቱ ባዶ ነበር። ባዶ ቤት የገባ እንግዳ ደግሞ እንዳሻው ይዘረጋል። አንዳንዱ የሌሊት ሆነ፤ አንዳንዱ የቀን። ከመካከላቸው አንዱ 30 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ በዓለም ካሉት የጦጣና የዝንጀሮ ወገኖች ሁሉ ትንሹ ነው። ሌላው፣ ዛሬ አጥንቱ ብቻ የቀረው፣ የጎሪላን ያህል ይገዝፍ ነበር።

ስማቸውን ያወጣላቸው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ካርል ሊኔየስ ነው። በ1754 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ስለ እንስሳቱ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) የንጉሡን የእንስሳት ስብስብ ሲመዘግብ አንድ ሎሪስ አጋጠመው። ይህ ፍጥረት በሌሊት ይዞራል፤ ሰው ሰው ይላል፤ እርምጃው ዝግ ያለ ነው። ስለዚህ «ሌሙር» አለው። ሌሙሬስ በጥንታዊት ሮም እንቅልፍ አጥተው በሌሊት የሚንከራተቱ የሙታን መናፍስት ናቸው። ሮማውያን በግንቦት ወር በሦስት ሌሊቶች አባወራው በእኩለ ሌሊት በባዶ እግሩ ተነሥቶ ጥቁር ባቄላ ወደ ኋላው እየጣለ መናፍስቱን ከቤቱ ያሰናብታቸው ነበር። ነገሩ ቆሎና ፈንዲሻ ሲበተን እያየን ላደግነው ለእኛ ብዙም ባዳ አይደለም። ስሙ በ1758 በታተመው ታላቅ መጽሐፉ ጸና። እነሆ ቅጠልና ፍራፍሬ ከመብላት በቀር ማንንም ያልበደለ ፍጥረት የሙት መንፈስ እንደተባለ ቀረ።

ስም ይከተላል። ሰው አንዴ «መንፈስ» ካለ በኋላ የሚያየው ሁሉ መንፈስ ነው። እስቲ እኛ ስሙን ለጊዜው እንርሳውና አካላቸውን ብቻ እንመልከት።

ከዓይናቸው እንጀምር። የጋላጎና የአብዛኞቹ ሌሙሮች ዓይን ከኋላው መስተዋት አለው። ሊቃውንቱ ታፔተም ይሉታል። የዓይን ሥራ ብርሃን መያዝ ነው፤ ነገር ግን ከሚገባው ብርሃን ሁሉ ጥቂቱ ሳይያዝ ያልፋል። የሌሊት እንስሳ ይህን ማባከን አይችልም። ስለዚህ ያመለጠው ብርሃን ከኋላ ካለው መስተዋት ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል፤ ብርሃን ተቀባዩ ስስ ሽፋንም ሁለተኛ የመያዝ ዕድል ያገኛል። ከዚህ ሁሉ ተርፎ በገባበት የሚወጣው ነው እኛ «ዓይኑ አበራ» የምንለው። ዓይኑ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የእኔኑ ባትሪ ነው የመለሰልኝ። ብርሃኑ በመጣበት ስለሚመለስም ባትሪውን ከዓይኑ አጠገብ የያዘ ሰው በደንብ ያየዋል፤ ራቅ ብሎ የቆመው ላያየው ይችላል። የድመት ዓይን፣ የጅብ ዓይን፣ የበግ ዓይን ሌሊት የሚያበራው በዚሁ ጥበብ ነው።

የእኛ ወገን፣ ማለትም ጦጣ፣ ዝንጀሮና ሰው፣ ይህ መስተዋት የለውም። መስተዋቱ ዋጋ አለው፤ ብርሃኑን ሲመልስ ምስሉን በጥቂቱ ያደበዝዛል። አባቶቻችን የሌሊቱን ኑሮ ትተው ቀን መውጣት ሲጀምሩ ከብዛት ይልቅ ጥራት አስፈለጋቸው። ስለዚህ የሰው ዓይን ከኋላው ጥቁር ነው፤ ያመለጠውን ብርሃን ይውጠዋል። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። የሰው ዓይን በባትሪ ብርሃን እንደ ጅብ ዓይን ሊያበራ አይችልም።

የሌሙር አፍንጫ እንደ ውሻ አፍንጫ እርጥብ ነው፤ ከዓይኑ ይልቅ በሽታ ዓለሙን ያነባል። ጅራተ ቀለበቱ ሌሙር፣ ጥቁርና ነጭ ጅራቱን በሥዕል የምታውቁት ማለት ነው፣ የእጁ አንጓ ላይ ሽታ የሚያመነጭ ዕጢ አለው። ወንዶቹ ሲጣሉ ጅራታቸውን በአንጓቸው እያሹ ሽታ ይቀቡና በባላጋራቸው ፊት ያርገበግቡታል። ደም ሳይፈስ የሚያልቅ ጦርነት ነው። መንጋውን የሚገዙት ግን ሴቶቹ ናቸው፤ ሴት ስትመጣ ወንዱ ከምግቡ ላይ ይነሣል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እጆቻቸውን ዘርግተው፣ ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ እንደ ጡረተኛ ሽማግሌ ተደርድረው ይሞቃሉ።

የታችኛው መንጋጋቸው የፊት ጥርሶች ቀጥ ብለው አይቆሙም፤ ወደ ፊት ተኝተው ሚዶ ሠርተዋል። ባብዛኞቹ ስድስት ጥርስ ያለው ሚዶ ነው። በዚያ አንዱ የሌላውን ጠጉር ያበጥራል። ከምላሳቸው ሥር ደግሞ ሚዶውን የሚጠርግ ሌላ ትንሽ ምላስ መሰል ነገር አለላቸው። የእጅና የእግር ጥፍሮቻቸው እንደ እኛ ጠፍጣፋ ሲሆኑ፣ የእግራቸው ሁለተኛ ጣት ላይ ግን አንዲት ሹል ጥፍር ቀርታለች፤ ጆሮ ጀርባና አንገት የምታከበት።

በደሴቲቱ ምዕራብ፣ ወራቱ ረጅምና ደረቅ በሆነበት ጫካ፣ ላታም ሌሙር አለ። እንደ በግ ላት ስቡን የሚያጠራቅመው በጅራቱ ነው። ዝናቡ ሳለ ፍራፍሬ በልቶ ጅራቱን ያወፍርና ድርቁ ሲመጣ ዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እስከ ሰባት ወር ድረስ ይተኛል። የሰውነቱ ሙቀት ከጉድጓዱ አየር ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። በሞቃት አገር ክረምት ከበጋ እንዲህ የሚተኛ የእኛ ወገን እንዳለ በ2004 በሳይንስ መጽሔት ሲገለጽ ብዙዎችን አስደንቋል። እኔ ግን ያሰብኩት ጎተራን ነው። ያለውን አስቀምጦ ክፉ ቀንን ማሳለፍ ከገበሬ ቤት ልጅ የሚሰወር ብልሃት አይደለም።

ይህን ሁሉ እያነበብኩ የመጣሁት ወደ አንድ ፍጥረት ነው። ስሙ አይ-አይ ነው። በአማርኛ ሲጠሩት እሮሮ ይመስላል፤ ኑሮውም ከእሮሮ አይርቅም።

አይ-አይ ጥቁር፣ ጠጉረ ጨብራራ፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን የሌሊት ሌሙር ነው። ጆሮው የሌሊት ወፍ፣ ጥርሱ የአይጥ፣ ጅራቱ የሽኮኮ ይመስላል። የፊት ጥርሶቹ ዕድሜ ልካቸውን ያድጋሉ። ፈረንሳዊው ተጓዥ ፒየር ሶነራ በ1780ዎቹ ለአውሮጳ ሲያስተዋውቀው ሊቃውንቱ ግራ ገባቸው። አንዱ በ1788 ከዛፍ ሽኮኮዎች መደበው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን በ1863 አካሉን በጥንቃቄ መርምሮ ባሳተመው ጥናት ከእኛው ወገን መሆኑ ከሞላ ጎደል ተረጋገጠ።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው መካከለኛ ጣቱ ነው። ከሌሎቹ ጣቶች ተለይቶ እንደ ሽቦ የቀጠነ፣ ሥጋ የሌለው የሚመስል ረጅም ጣት ነው። ከመዳፉ ጋር የተገጣጠመበት አንጓ እንደ እኛ ትከሻ ክብ ስለሆነ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። ሌሊት ግንድ ላይ ወጥቶ በዚህ ጣት እንጨቱን ያንኳኳል፤ በሴኮንድ እስከ ስምንት ጊዜ። ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ድምፁ ክፍት ቦታ ሲነግረው በጥርሱ ይቦረቡርና በጣቱ ትሉን ጎትቶ ያወጣል። በማዳጋስካር ግንደ ቆርቁር የሚባል ወፍ የለም፤ ሥራውን የያዘው አይ-አይ ነው። በ2022 ደግሞ ተመራማሪዎች ያው ጣት ሌላ አገልግሎት እንዳለው በፊልም ቀርጸው አሳዩ፤ አይ-አይ ጣቱን ሙሉውን ማለት ይቻላል አፍንጫው ውስጥ አስገብቶ ይጎረጉራል። ዝምድናችንን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር ይህ ይበቃዋል።

ታዲያ በአንዳንድ የማዳጋስካር መንደሮች ይህ ጣት የሞት ምልክት ነው። አይ-አይ በጣቱ ያመለከተው ሰው ይሞታል ይባላል። መንደር ከገባ መርዶ ይዞ ነው። ስለዚህ ሲያገኙት ይገድሉታል፤ ሬሳውንም መንገድ ዳር ይሰቅሉታል፤ አላፊ አግዳሚው ክፉውን ዕጣ ይዞላቸው እንዲሄድ። በ1930ዎቹ ግድም ጨርሶ ጠፋ ተብሎ ነበር። በ1957 እንደገና ተገኘ፤ በ1960ዎቹም ዘጠኝ አይ-አዮች ኖሲ ማንጋቤ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ተወስደው ተለቀቁ።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ሁሉም መንደር እንዲህ አይደለም፤ አይ-አይን የማይፈሩም አሉ። በዚያ አገር ፋዲ የሚባል የአባቶች ክልከላ አለ። ትልቁን ሌሙር፣ ጠዋት ዜማው በደኑ ውስጥ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰማውን ኢንድሪን፣ በብዙ ቦታ ለዘመናት ከጦር ያስጣለው ይኸው ፋዲ ነው። ኢንድሪ ዘመድ ነውና አይነካም። እምነት አንዱን ያድናል፤ አንዱን ይሰቅላል። ልዩነቱ ያለው በእንስሳቱ አካል ላይ ሳይሆን ሰው በነገራቸው ተረት ላይ ነው።

ስለዚያ ጣት ባነበብኩ ጊዜ መጽሐፉን ዘጋሁት። እንጨት አንኳኩቶ ማዳመጥ... ይህን የት አየሁት? ትንሽ ቆይቶ መጣልኝ። ቅዳሜ ገበያ ነው ያየሁት፤ እናቴ እንስራ ስትገዛ።

ሸክላ ገዝታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እንስራውን ከፍ ታደርጉና በጣት ጉብጉብ ታደርጉታላችሁ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለበት። በልጅነቴ በነበርንባት ትንሽ የሰሜን ሸዋ ከተማ ሸክላ የምትሠራ አንዲት ሴት ነበረች። ከከተማዋ ጫፍ በኪራይ ጎጆ ለብቻዋ ትኖራለች። ምጣዱም ድስቱም ጀበናውም የእሷ ነው። የመንደሩ ሴት ሁሉ የሠራችውን በጣቱ አንኳኩቶ፣ አዳምጦ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። እጇን ግን አይጨብጣትም። በእሷ ድስት የተሠራ ወጥ እንበላለን፤ በእሷ ቤት ግን ውሃ አንጠጣም። ምክንያቱን የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂ «ቡዳ» ነው፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ያድራል ይባላል። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ ይቅር ብለው በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ እኛ ከተማ እስከ 1990 ድረስ አልደረሰም ነበር።

በዚያ ዓመት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ ምሽት እናቴ ያዘዘችውን ጀበና እንዳመጣ ላከችኝ። መብራት ጠፍቷል። ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ሴትየዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ባትሪውን ከፊቴ ትይዩ ከፍ አድርጌ ሳበራ፣ ደረቷ አካባቢ ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች ቦግ አሉ። ደነገጥኩ። በዚያው ቅጽበት ድመት ከእቅፏ ዘላ ወረደች። ሴትየዋ «ነይ የኔ ልጅ፣ አትፍሪ፣ ድመቷ ናት» አለችኝ። ጀበናውን ተቀብዬ ሄድኩ። የሆነው ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

በማግስቱ ትምህርት ቤት «የሸክላዋ ሴትዮ ዓይኗ ሌሊት እንደ ጅብ ሲያበራ አየሁ» ብዬ ተናገርኩ።

ለምን አልሽ ብትሉኝ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበርኩ፤ ማንም ሰምቶኝ አያውቅም። በዚያ ቀን ግን ክፍሉ በሙሉ ከበበኝ። በእረፍት ሰዓት ደግሜ ተረክሁት። ድመቷን መጀመሪያ አሳነስኳት፤ በሦስተኛው ትረካ ጨርሳ ጠፋች።

ወሬው ከልጆች ወደ እናቶች ለመሻገር አንድ ሳምንት አልፈጀበትም። በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤታችን ሕፃን ታመመ። ትልልቅ ሰዎች አስጠርተው ጠየቁኝ፤ «አንቺ ልጅ፣ በእውነት አይተሻል?» «አይቻለሁ» አልኩ። ሕፃኑ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ዳነ፤ ሴትየዋን ግን የጠየቃት አልነበረም። ማንም አልመታትም፤ ማንም ድንጋይ አልወረወረባትም። በቅዳሜው ገበያ ሰው በፊቷ እያየ አለፈ፤ በቀጣዩም ቅዳሜ እንዲሁ። ባለቤቱ ጎጆውን ለሌላ ጉዳይ እንደሚፈልገው ነገራት። አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ በሩ ክፍት ነበር። ውስጡ ያልተቦካ ጭቃና የተሰበሩ ሸክላዎች ብቻ ቀርተዋል።

ይህን ለሃያ ስድስት ዓመታት ለማንም አልተናገርኩም። ዳኛ የሚያስቀርበው ጉዳይ አይደለም፤ እኔም ልጅ ነበርኩ። በየጊዜው ሲመጣብኝ «ማን ያውቃል፣ አይቼ ይሆናል» እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። ትዝታ በሸፈነው ነገር ውስጥ መደበቅ ቀላል ነው። ስለ ጋላጎዋ ሳነብ ግን መደበቂያዬ ፈረሰ። የሰው ዓይን መስተዋት የለውም። ያቺ ሴት ፈልጋም ቢሆን ዓይኗን ልታበራው አትችልም ነበር። በሚሊዮኖች ዓመታት የተጻፈ ምስክርነት ከእሷ ጎን ቆሞ ሳለ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቃል ከእሱ በልጦ ተሰማ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ሰውን ከእንስሳ ምን አገናኘው?» ቢለኝ አልቀየመውም። የሚያገናኛቸው እኛው ነን። ያ የቀጠነ ጣት የሚያመለክተው የትሉን ዋሻ ነው። ያ የሚያበራ ዓይን የሚፈልገው ሙጫና አንበጣ ነው። የሸክላ ሠሪዋ ጭቃ የለበሰ እጅም የሚያበጀው የእኛኑ ጀበና ነው። ሁሉም እንጀራቸውን የሚያበስሉበት መሣሪያ ነበር። እኛ ግን የሌላውን መሣሪያ አይተን ስለ እኛ ሞት የተላከ መልእክት አድርገን አነበብነው። የራሳችንን ባትሪ ሲመልሱልን እሳቱ የእነሱ መሰለን።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2020 ባወጣው መዝገብ ከ107 የሌሙር ዓይነቶች 103ቱ የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው፣ ከእነዚህም 33ቱ ከመጥፋት አፋፍ ላይ እንደሆኑ አስታውቋል። ዋናው ገዳያቸው ተረት አይደለም፤ ለሩዝ ማሳ የሚቃጠለው ደን፣ ለከሰል የሚወድቀው ዛፍ፣ ለምግብ የሚያድናቸው ችግረኛ ነው። ሆኖም ደን ላጣ ፍጥረት ተረት መጨረሻው ምት ይሆናል። ጫካው ሲያልቅበት አይ-አይ ኮኮናት ፍለጋ መንደር ይገባል፤ መንደር ሲገባ ጣቱን ያያሉ።

ባለፈው ፋሲካ እናቴ ጋ ሄጄ ነበር። ሰው ሁሉ ወጣ ወጣ ሲል ሁለታችን ቡና ላይ ቀረን። ጀበናውን ሳይ አላስቻለኝም፤ «እማዬ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራኋት። ባትሪውን፣ ዓይኖቹን፣ ከእቅፏ የዘለለችውን ድመት፣ በማግስቱ ያልኩትን ሁሉ። እናቴ ሳታቋርጠኝ ሰማች። ቶናውን ቀዳች። ከዚያ እንደ ዋዛ፣

«ድመት እንዳላትማ ሁላችንም እናውቅ ነበር» አለችኝ።

ሲኒው እጄ ላይ ቀረ።

«አይጥ ፈጅቶን የለ? የእኛዋ ድመት ከየት መጣች መሰለሽ? የእሷዋ ድመት ስትወልድ ግልገሏን የሰጠችን እሷ አይደለችም እንዴ?»

ያቺን ድመት አስታውሳታለሁ። አልጋዬ ውስጥ ነበር የምትተኛው። ሌሊት ባትሪ ሲበራባት ዓይኗ አረንጓዴ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም።

እናቴ ረከቦቱን ስታስተካክል ቆየች። «ሰው ሁሉ ሲል...» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው።

ጥቂት ቆይቼ «ስሟ ማን ነበር?» አልኳት።

ለማስታወስ ሞከረች፤ በእውነት ሞከረች። ግንባሯን በጣቷ መታ መታ እያደረገች ብዙ አሰበች። በመጨረሻ ራሷን ነቀነቀች። «የሸክላዋ ሴትዮ ነበር የምንላት» አለችኝ።

ስለዚህ እዚህ ላይ ስሟን ልጽፈው አልቻልኩም።